የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም
ዘርንና ሙያን መናቅ በሰው ልብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት (በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን አቅልለን የምናልፈው ነው። ሰው በዘሩ፣ በቆዳው ቀለም ወይም በአባቶቹ ሙያ ሲናቅና ሲሰደብ ልቡ ላይ ምን ይቀራል? አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ተሳዳቢው ቃሉን ከአፉ አውጥቶ ይረሳዋል። ተሰዳቢው ግን ይዞት ይተኛል፣ ይዞት ይነሳል፤ አንዳንዴም ለልጁ ያወርሰዋል። ይህን ቁስል ማወቅ ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች በጣም ያስፈልገናል። ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ላይ ነው ያለነው፤ የተወጋንበት አለ፣ የምንወጋበትም አለ።

ቁስሉ እንዴት ያለ ነው?

ሐኪሞች «ትራውማ» የሚሉት ነገር አለ። ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ድንጋጤ ሲደርስበት በልቡናው የሚቀር ቁስል ማለት ነው። እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ መስጊድ ሲቃጠል ያየ ልጅ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ በር ሲንኳኳ እንዴት ይደነግጥ እንደነበር ወላጆች ታውቃላችሁ። እንቅልፍ ይሸሻል፣ ቅዠት ይመጣል፣ ያለፈው ነገር አሁን የሚሆን ይመስላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም በስም ለይቶ በሕመሞች መዝገቡ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በመጀመሪያ የታሰበውም ከጦር ሜዳ ለተመለሱ፣ ለተገረፉና ከባድ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ግን በዘር መናቅም ተመሳሳይ ምልክቶችን ሊያስከትል እንደሚችል አስተውለዋል። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። ጦርነት እንደ ጎርፍ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ንቀት ግን እንደሚያፈስ ጣሪያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቤቱ መበስበሱ የሚታወቀው ግድግዳው ሲዘም ነው። የተሰደበ ሁሉ ታማሚ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሰውነታችን ዛቻ ሲሰማ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል፤ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ መሰናዳት ጅብ ሲመጣ ይጠቅማል። አንድ ሰው ገበያ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰርግ ሲጠራ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?» እያለ የሚኖር ከሆነ ግን ሰውነቱ አያርፍም። ያላረፈ ሰውነት ደግሞ ይታመማል።

ከሁሉም የሚከፋው ንቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያ ባልና ሚስት ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት አሻንጉሊቶች አቀረቡላቸው። አሻንጉሊቶቹ ከቆዳ ቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት ነበሩ። «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» ሲባሉ ብዙዎቹ ነጯን አነሱ፤ «መጥፎዋስ?» ሲባሉ ጥቁሯን። በመጨረሻ «አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?» ሲባሉ አንዳንዶቹ አለቀሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን ይህን ጥናት ጠቅሷል። ወገኖቼ፣ እነዚያ ሕፃናት ገና ትንንሽ ነበሩ። የናቃቸውን ዓለም ዓይን ግን ተውሰው ራሳቸውን አይተውበታል።

በእኛ ደጋስ?

«ይህ የነጭና የጥቁር ጉዳይ ነው፣ እኛ ሁላችን ሐበሻ ነን» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤሎችም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የደጋው ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራና በንግድ ይኖራል፤ ስለዚህ አባቶቻችን ሸማ ሠሩ፣ ቆዳ አለፉ፣ እንደ ደሪጣ ካሉ መንደሮች እየተነሱ ነገዱ። ከዚያም ያንኑ ሙያ ስድብ አደረጉባቸው። «ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለውን ተረት ከእኛ ሽማግሌዎች ያልሰማ የለም። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያው የኢስላም ስደት የተደረገው ወደዚችው ወደ ሐበሻ ምድር ሆኖ ሳለ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚቀበር ሰው አገር የለህም ተባለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ሙስሊሞች እኩልነትን ሲጠይቁ ብዙ ክርስቲያን ወንድሞቻችንም አብረው ወጥተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ደግሞ የገጠሩ ሙስሊም እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። ሕጉ በአንድ ቀን ተለወጠ። «አገር የለህም» ሲባል ያደገ ሰው አንገት ግን በአንድ ቀን ቀና አይልም።

ከእኛም የባሰ የተሰደቡ አሉ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው «ቡዳ» ይባላሉ። ገበሬው ማረሻውን ያሠራውና «ዓይኑ ይበላል» ብሎ ልጁን ይሸሽግበታል። እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ ከሠሪዋ ይገዛና ከእርሷ ጋር ማዕድ አይቆርስም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ደግሞ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ንጉሡ ብረት የሚያቀልጥ እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገብቷቸው ነበር፤ የአገራችን ምላስ ግን ቀጥቃጩን ከመስደብ አላረፈም።

ከሁሉ የከፋው «ባሪያ» የሚለው ቃል ነው። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ፤ አያቱ ተሸጦ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም ዘሩ በሹክሹክታ ይቆጠርበታል።

ባዕድ አገር የሄዱት ልጆቻችን

የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን ታሪክ እንይ። እዚህ በብረትና በሸክላ ሥራቸው «ቡዳ» ሲባሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት ወር 1991 ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን በአውሮፕላን ተወሰዱ። እዚያ ግን በሙያቸው ፈንታ የቆዳቸው ቀለም መሰደቢያ ሆነ። በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። በ2015 ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ልጃቸው በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ወጣቶቹ አደባባይ ወጡ። ከአንድ ቁስል ሳይድኑ ሌላ ቁስል ተጨመረባቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ትልቁ ትምህርት ሌላ ቦታ ነው። ስለ እነርሱ ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት፣ በመካከላቸው «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚለው መለያየት እስራኤል ድረስ ተከትሏቸው ሄዷል፤ የባሪያ ዘር የተባሉትን ለማግባት የሚያመነቱ ነበሩ። እዚያ በቆዳቸው የሚናቁ ሰዎች እርስ በርሳቸው አጥንት ቆጠሩ። የተናቀ ሰው የሚያርፍበት የመሰለው ከእርሱ በታች ሌላ የሚናቅ ሰው ሲያገኝ ነው። ቁስል በዚህ መንገድ ይተላለፋል።

ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን እህቶቻችንንም አንርሳ። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመልሰዋል። ከየመንደራችን የሄዱ ብዙ ልጆች «ዐብድ» እየተባሉ አገልግለዋል። ሰዳቢዋ ማዳም ደግሞ ወደ አንድ ቂብላ የምትሰግድ፣ በአንድ ወር የምትጾም ናት። ይህ ለሙስሊም ልጅ የተለየ ቁስል ነው። የኢስላምን እኩልነት ከቃሪአዋ ተምራ የሄደች ልጅ ተቃራኒውን ከሙስሊም እጅ ስትቀበል፣ ቁስሏ እምነቷንም ይነካል። ተመልሳ ስትመጣ ቤተሰብ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል። «ምን ደረሰብሽ?» የሚላት ጥቂት ነው። ሌሊት እየጮኸች ስትነቃም «ጂን ነው» ተብሎ ያልፋል።

የተሰደበ ሲሳደብ

እስካሁን የተወጋንበትን ተናገርን። አሁን ደግሞ የምንወጋበትን እንይ።

ኒካሕ ለማሰር ከሚመጡ ቤተሰቦች ጋር ስንቀመጥ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ወጣቱ ሰላቱን በጀመዓ የሚሰግድ፣ ቁርአን የቀራ፣ ሠርቶ የሚያድር ነው። ልጅቷ ወዳዋለች። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሁሉ አልቆ ሳለ፣ አንድ አጎት ይነሳና «አጥንቱ ምንድን ነው?» ይላል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። በማግስቱ «ልጅቷ ገና ናት» የሚል መልስ ይላካል። ወጣቱ ምክንያቱን ያውቀዋል። እንዲህ ከሆኑት ውስጥ በፊተኛው ሶፍ ይሰግድ የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በር አጠገብ ሰግዶ ሰላም ሲባል ቀድሞ የሚወጣ አይተናል። ከዚህ ያመለጠው የሚስት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አላህ ቤት ውስጥ እንኳ እኩል መሆኑን ተጠራጥሯል።

«አገር የለህም» መባል እንዴት እንደሚያቃጥል የምናውቅ ሰዎች፣ ሌላውን «ዘር የለህም» እንላለን። ከዚህ የሚያሳዝን ምን አለ?

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ስም እንዳንጠራራ ከልክሎናል። በዚያው ሱራ ጎሳና ሕዝብ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑንና በእርሱ ዘንድ የሚበልጠው አላህን ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን ነግሮናል።

ቡኻሪ እንደዘገቡት አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ዘር አነወሩት። አንዳንድ ዘገባዎች ሰውየው ቢላል (ረ.ዐ.) ነበሩ ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን፣ አንተ ገና ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ አሏቸው። አቡ ዘር ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ናቸው፤ በአንድ ስድብ ግን ይህ ተባሉ። ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ከብዙ ዘመን በኋላ ረበዛ በተባለ ቦታ ያያቸው ሰው፣ እርሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አገኛቸው። ምክንያቱን ቢጠይቃቸው ይህንን የድሮ ታሪክ ነገሩት። ተውበታቸውን በየቀኑ ይለብሱት ነበር ማለት ነው።

ስለ «ቡዳ»ም እንናገር። ዐይን እውነት መሆኑ በሐዲስ ተረጋግጧል፤ አንክድም። ነገር ግን በዘር ወይም በሙያ ይወረሳል የሚል በዲናችን የለም። ሰህል ኢብኑ ሑነይፍ ሲታጠቡ አይተው ያደነቋቸውና ዐይናቸው የጎዳቸው ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ የተከበሩ ሰሓባ ነበሩ፤ ቀጥቃጭም ሸክላ ሠሪም አልነበሩም። ነቢዩም ያዘዟቸው ያማረ ነገር ሲያዩ በበረካ ዱዓ እንዲያደርጉ ነው። ሙያን በሚመለከት ደግሞ፣ ብረት የተገራላቸውና ጥሩር የሚሠሩት ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ናቸው። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። ቀጥቃጭን የሚሰድብ ሰው የማንን ሙያ እንደሚሰድብ ይወቅ።

በጋብቻ በኩል፣ ፉቀሃዎች «ከፈአ» ብለው የባልና የሚስትን መመጣጠን ሲያነሱ ዘርንና ሙያን የጠቀሱ አሉ። ይህን ይዞ የሚከራከር ስላለ ልንደብቀው አይገባም። ግን እነርሱም ቢሆኑ ይህን ሙሽሪትና ወሊይዋ ሊተዉት የሚችሉት መብት ነው ያሉት፤ ሰውን መናቂያ ፈቃድ አላደረጉትም። ኢማም ማሊክ ደግሞ ዋናው መመጣጠን በዲን ነው ብለዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቁረይሽ ልጅ የሆነችውን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባ መክረዋታል። የኡሳማ አባት ነፃ የወጡ ባሪያ፣ እናታቸው ኡሙ አይመን ደግሞ ነቢዩን ያሳደጉ ሐበሻዊት ነበሩ። ፋጢማ መጀመሪያ አመነታች፤ ከዚያ አገባችው፣ በጋብቻዋም ደስተኛ ሆነች።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቃሉን ከቤታችን እናውጣ። ነቢያችን ባሪያ የነበራቸውን ሰዎች እንኳ «ባሪያዬ» ከማለት ይልቅ «ልጄ» እንዲሉ አዘዋል። እኛ ደግሞ ልጃችን ሲቆሽሽ «ምን ባሪያ አስመሰለህ?» እንላለን። ሁለት ልጆች ተቀምጠው አንዷን «ቀይዋ» ብለን እናቆላምጥና ሌላዋን በጥቁረቷ እንቀልድባታለን። የአሻንጉሊቶቹን ነገር አስታውሱ፤ ልጅ ገና በሦስት ዓመቱ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ የተሰደበ ልጅ እያለቀሰ ሲመጣ «ተወው፣ እርሳው» አንበለው። መጀመሪያ እንስማው። አላህ በሱረቱል ሒጅር ነቢዩ በሚሏቸው ነገር ደረታቸው እንደሚጠብ እንደሚያውቅ ነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ተስቢሕንና ሱጁድን ያዘዛቸው። አስተውሉ፤ መጀመሪያ ሕመማቸውን አወቀላቸው፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ሰጣቸው። ነቢዩ ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጥቷል። ማዘን የኢማን ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን የሚኮሩበትን ታሪክ እንንገራቸው። የሸማኔ ልጅ የአባቱ እጅ አገር እንዳለበሰ ይወቅ። ጥቁር የሆነች ልጅ ኡሙ አይመንን ትወቅ። ባዶ «አይዞህ» ያህል ደካማ ነገር የለም፤ ስምና ታሪክ ያለው ክብር ግን ልጅን ያቆማል።

አራተኛ፣ ቁስሉ ሲከፋ ሐኪም እንጠይቅ። ከስደት የተመለሰች ልጅ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ሰው ከሸሸች፣ መኖር ካስጠላት፣ ሩቅያ ይቀራላት፤ ሆስፒታልም ትወሰድ። ሁለቱ አይጣሉም። ነቢያችን እንድንታከም አዘውናል፤ አላህ መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ አላወረደም፣ ከእርጅና በቀር።

አምስተኛ፣ የወጋን ሰዎች እንካስ። ዘሩን ጠቅሰን ልጃችንን የከለከልነው ሰው ካለ፣ በሕይወት ሳለን ቤቱ ሄደን ዐፉታ እንጠይቀው። ሽማግሌዎችም ለኒካሕ ስትላኩ ስለ ዲኑና ስለ ጠባዩ ጠይቁ፤ «አጥንቱ» የሚል ሲነሳ ዝም አትበሉ። በዚያች ሰዓት የእናንተ ዝምታ ለወጣቱ ፍርድ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ላስታውሳችሁ። በመዲና የነቢዩን መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ሌሊት ሞተች፤ ሰዎች ጉዳይዋን አሳንሰው ነቢዩን ሳይነግሩ ቀበሯት። እርሳቸው ግን ቦታዋ ባዶ መሆኑን አስተውለው ጠየቁ። ሲነገራቸው፣ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወደ መቃብሯ ሄደው ሰገዱባት። እኛም ከሶፋችን ማን እንደጎደለ እንጠይቅ። በር አጠገብ የቆመውን ወጣት በስሙ ጠርተን ወደ ፊት እናምጣው።

አላህ ሆይ! ከልባችን ዐሰቢያንና ኩራትን አውጣልን። በምላሳችን ያቆሰልናቸውን ፈውሳቸው፤ እኛንም ይቅር በለን። ከስደት የተመለሱትን አሳርፋቸው፤ አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።